ከነሕይወቱ የወጣ ፍልፈል

ከቡሌ ከተማ በላይ፣ ጉሙ ከረፋዱ በፊት በማይነሣበት ቀበሌ፣ ታረቀኝ የሚታወቀው በቀኝ እጁ ነው። የመሐል ጣቱ ጫፍ የለም። በአሥራ አራት ዓመቱ ፍልፈል ቆርጦ ወስዶበታል። አባቱ ያን ቀን ቁስሉን በጨርቅ እያሰረ፣ «እንግዲህ ተዋውቃችኋል» አለው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት እንጀራው ይኸው ፍልፈል ማጥመድ ሆነ።

ፍልፈል የእንሰት ጠላት ነው። መሬቱን ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሥሩን ይበላል፤ ሰባት ዓመት የለፉበት እንሰት አንድ ቀን ጠዋት ያለ ነፋስ ያጋድልና እጅ ሲያርፍበት ይወድቃል። መርዝ የሞከሩ ነበሩ፤ ዶሮና ውሻ ጨረሱበት። ታረቀኝ ግን የሚፈልገው አንድ የሚለመጥ እንጨት፣ አንድ ክንድ ሽቦና ትዕግሥት ብቻ ነው። የፍልፈሉን መንገድ በእግሩ መዳፍ ያገኘዋል። በዶማ አንድ ቦታ ይከፍትና ወጥመዱን ደግኖ ይቀመጣል። ፍልፈል ነፋስ ቤቱ ሲገባበት አይወድም። ቀዳዳውን በአፈር ሊደፍን ይመጣል፤ ሲመጣ አንገቱ ከሽቦው ይገባል። ታረቀኝ ሲጠይቁት፣ «ቤቱን መዝጋት ባይወድ ኖሮ እኔ ምን እበላ ነበር?» ይላል።

የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። በሰው ጓሮ የተያዘ ፍልፈል ከዚያ ጓሮ ከነሕይወቱ አይወጣም። አጥማጁ ይገድለዋል፣ ለባለጓሮዋ ሴትም ያሳያታል፤ እንሰቱ የእሷ ልፋት ነውና። እሷም አይታ ትቀብረዋለች፣ ቆጮ አቅርባ ታሰናብተዋለች። ከነሕይወቱ ይዞ የሚወጣ አጥማጅ ካለ ወዴት እንደሚወስደው ሁሉም ያውቃል፤ ነገ ሊጠራበት ወደሚፈልገው ሌላ ጓሮ። እንዲህ ያደረገ ሰው በታረቀኝ ዕድሜ አልታየም። ተረቱ ግን ነበር።

ፍቅርአዲስ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርቷ ጥናት መጥታ ዲላ ቤት የተከራየች፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማያልቅባት ልጅ ነበረች። ሹፌሯ ሙሌ ይባላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ ታረቀኝ ቤት ይዟቸው መጣ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ እዚህ ላይ አየሩ ስስ ነው» አለችው። «ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እኛ ብንሆን እንታፈናለን። እነሱ ግን ይኖራሉ። ደማቸው ውስጥ ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ነገር ያለ ይመስለናል። እሱን ነው የምፈልገው።»

ታረቀኝ ትንሽ አሰበና፣ «የላዩና የታቹ አንድ አይደለም» አላት።

«እንዴት?»

«እታች ከዲላ በታች ጠርተውኝ አውቃለሁ። የዚያን አገር ፍልፈል እንስራ ውስጥ ከትቼ አፉን ብዘጋው ቶሎ ይደክማል። የእኛው ግን እዚያው ተኝቶ ይቆይሻል። ስትከፍቺው ይነክስሻል።» የጎደለች ጣቱን አሳያት።

ፍቅርአዲስ አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ «እስቲ ይድገሙልኝ» ብላ ያለውን ቃል በቃል አሰፈረችው። ታረቀኝ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። የተናገረውን ሰው ሲጽፍለት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ማታ ለሚስቱ ለአትጠገብ ሦስት ጊዜ ነገራት።

«ከነሕይወታቸው ነው የምትፈልጋቸው» አላት በመጨረሻ።

አትጠገብ ድስቱን ከእሳት አወረደች። «አባትህ ቢሰማህ?»

«ለትምህርት እኮ ነው።»

«ለሙሉካ ንገረዋ፣ ለትምህርት ከሆነ።»

ሙሉካ በቀበሌው ሶንጎ፣ ማለት በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ታላቁ ነው። ታረቀኝ ሊነግረው አስቦ ነበር። ሁለት ጊዜ እደጁ ደርሶ ስለ ዝናብ አውርቶ ተመለሰ። እምቢ ቢለው ፍቅርአዲስ ሌላ አጥማጅ ትፈልጋለች፤ ደብተሩ ውስጥ የገባው ቃልም የሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብሎ ጀመረ። በየጓሮው በተጠራ ቁጥር ሁለት ሁለት ይይዝ ነበር፤ አንዱን ገድሎ ለሴቲቱ ያሳያል፣ ሌላውን ቀዳዳ በተበሳ ጀሪካን ይዞ መኪና መንገድ ያወርዳል። ፍቅርአዲስ ጉድጓዱ ድረስ መጥታ በመሣሪያዋ ቦታውን ትመዘግባለች። ሲጠይቋት «መሬቱን እያየሁ ነው» ትላለች፤ ውሸት አልነበረም።

ከላይ አሥራ ዘጠኝ ያዘ፤ እታች ወርዶም ያንኑ ያህል። ኅዳር ላይ ተመሰጋግነው ተለያዩ።

ጥር ሲገባ የወይዘሮ ይመኙሻል እንሰት አጋደለ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እንሰቱን የተከለችው የመጨረሻ ልጇን በወለደች ዓመት ነበር። ታረቀኝን ጠራችው። ሄዶ አጠመደና ያዘ። ፍልፈሉ የኋላ እግሩ ላይ ጠጉሩ ተላጭቶ ነበር፤ አዲስ ጠጉር በቀጭኑ እየበቀለ። ታረቀኝ ቁስል ይሆናል አለና ገድሎ አሳያት። ሁለተኛውም ተላጭቶ ነበር። ያኔ ልቡ አንድ ነገር አለው፤ እሱ ግን አልሰማም።

ወሬው የተነሣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የሙሉካ የእህት ልጅ ወንድይራድ በሞተር ሲያልፍ ታረቀኝን ከነጀሪካኑ አይቶት ኖሯል። ውስጡ የሚቧጥጥ ነገር ሰምቷል። ያን ጊዜ ስቆ አለፈ፤ በሦስት ጓሮ እንሰት ሲወድቅ ግን አስታወሰ።

ሶንጎው ሲጠራው ታረቀኝ አልካደም። «ወስጃለሁ» አለ። «ለጥናት ነው። እዚያ ሄደው ሞቱ።»

«ሞተው ያየ ማን ነው?» አለ ሙሉካ።

«ልጅቷ ታውቃለች።»

«ትምጣና ትናገራ።»

ታረቀኝ ስልክ ደወለላት። እመጣለሁ አለችው፤ መጣችም። ከአዲስ አበባ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዛ፣ ጭቃውን በእግሯ ወጥታ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ታረቀኝ የአትጠገብን እጅ ጨብጦ «አየሽ?» አላት።

ፍቅርአዲስ በትሕትና አስረዳች። ስለ ስስ አየር፣ ስለ ደም፣ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርድ ነገር ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ከዚያ ሙሉካ ጠየቃት፦ «ልጄ፣ ሁሉም ሞቱ?»

«አይ አባቴ፣ ሁሉንም አልገደልንም» አለች፤ ፊቷ ፈካ። «ያለ አስፈላጊነት መግደል ክልክል ነው። ከላዮቹ አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው የተጠቀምነው። ከሌሎቹ እግራቸውን ላጭተን ትንሽ ደም ወስደን መለስናቸው።»

«የት መለሳችሁ?»

«እያንዳንዱን በተያዘበት ጉድጓድ። ቦታው ተመዝግቦ ነበር። ሙሌ ነው ያደረሳቸው፣ እሑድ ቀን፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት፤ ማንንም እንዳንረብሽ ብለን።»

 ሙሉካ በጣም በዝግታ፣ «በማን በማን ጓሮ?» አላት።

ፍቅርአዲስ ደብተሯን ገለጠች። ያው ደብተር ነበር። «ሦስቱ በወይዘሮ ይመኙሻል። ሁለቱ በእርስዎ፣ አንዱ...» ቀና ብላ ፊታቸውን አየችና ንባቧን አቆመች። ደግማ ስትናገር ድምፅዋ አንሶ ነበር፦ «ጋሽ ታረቀኝ ግን አያውቁም። አልነገርናቸውም።»

«አያውቅም» አለ ሙሉካ። «እኛም አናውቅም ነበር። እኛ ግን ከጓሯችን አላወጣናቸውም።»

ይመኙሻል ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «ታረቀኝ፣ ቆጮዬን በልተሃል» ብላ ብቻ ወጥታ ሄደች።

አልቀጡትም። ቅጣት ቢሆን ከፍሎ ይወጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልጠራውም፤ ይኸው ነው። ሰላምታ አልነሱትም፣ በጸሎት ቤትም ቦታው አለ። እንሰት ሲያጋድል ግን ከገደብ ወረዳ ሌላ አጥማጅ ያስመጣሉ፤ እሱም ግማሹን ይስታል።

ባለፈው ዓመት ፍቅርአዲስ ደወለች። ጥናቱ ታትሟል፣ የእንስራው ነገር ገብቷል፣ ምስጋና ላይ ስሙ አለ።

«በምን ቋንቋ?» አላት።

«በእንግሊዝኛ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» ብሎ ዘጋው። አትጠገብ ምን አለችህ ብትለው፣ «ደህና ናት» አላት።

በዚህ ዓመት ሰኔ የራሱ እንሰት አጋደለ። አባቱ የተከለው ዘር ነው። ታረቀኝ ወጥመዱን ከጣሪያው ሥር አወረደ፤ ሽቦው ዝጎ ነበር። መንገዱን በእግሩ አግኝቶ ከፈተ፣ ተቀመጠ። ፍልፈሉ አፈሩን እየገፋ መጣ። ትልቅ ነው፣ ያረጀ። ታረቀኝ ገደለውና የኋላ እግሩን ገልጦ አየ። ጠጉሩ ሞልቷል። ምልክት ካለም ያለው ደሙ ውስጥ ነው፣ እሱ በማያነበው ቦታ።

አትጠገብ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ውሰድና ለሙሉካ አሳየው» አለችው። «የእኛንም በላ በለው።»

ታረቀኝ ፍልፈሉን በእጁ ይዞ እስከ አጥሩ ሄደ። በመንገዱ ላይ ሦስት ሴቶች ከገበያ ይመለሱ ነበር። ፍልፈል ይዞ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አሰበ፤ የሞተ መሆኑን ለማየት የሚጠጋ አልነበረም። ሴቶቹ እስኪያልፉ ከእንሰቱ ቅጠል ጀርባ ቆየ።

ከዚያ ተመልሶ ለአትጠገብ አሳያት፤ ሕጉ ነውና። እሷም አይታ ቀበረችው። እሱ ተንበርክኮ የከፈተውን ቀዳዳ ነፋስ እንዳይገባበት በእጁ አፈር እየገፋ ደፈነው።