የደሴ ምንቸት

ያን ቀን ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ እቅፏ ላይ ታናሽ ወንድሜ ደሴ፣ ጎረቤታችን እቴ ታንጉት፣ የነፍስ አባታችን አባ፣ የጤና ባለሙያዋ ብርቄ፣ በሩ ሥር ደግሞ እኔ ነበርን። ዛሬ ጧት ለልጄ የፍየል ወተት ሳፈላ ሽታው ሁሉንም መልሶ አመጣቸው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከሰቆጣ ተመድባ የመጣችው ብርቄ ገና ልጅ እግር ናት፤ የደሴን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ለካችና ቀዩ ላይ ሲያርፍ «ቀጭጯል» አለች። በእኛ ዘንድ ይህ የሚባለው ክረምቱን ለማትሻገር ፍየል ነው። እናቴ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ልጄን ነው ቀጫጫ የምትይው? አፍሽን ያዢ!»

«እትዬ፣ ስድብ አይደለም» አለቻት ብርቄ። «የሚበላው ለገላው አልበቃውም ማለት ነው። ዝም ካልነው እናጣዋለን።»

ወተትስ ነበረን፤ ፍየላችን ወልዳለች። ግን ወተት የነካ ምንቸት ለጾም ወጥ አይሆንም፣ ያለን ምንቸት ደግሞ አንድ ነው። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም እያወቀ ደሴ ከእኛ ጋር የሽሮ ውሃ ይጠጣ ነበር። ልጁን ያስጾመው ምንቸቱ ነበር።

ሁላችንም አባን አየን።

«ጡት ላልጣለ ልጅ ማን ጾም አዘዘ?» አሉ። «እኔ አላዘዝሁም።»

«አባ፣ ዕቃዬን ምን ላድርገው ይሉኛል?» አለች እናቴ።

እቴ ታንጉት ሳቀች። «የእኔን ትንሿን ውሰጂ። አፏ ሸራፋ ነው፤ እሱስ ቢሆን መች ጥርስ አለው?» ብላ ሮጣ አመጣቻት።

ያቺ ምንቸት ከሌላው ዕቃ ተለይታ በገመድ ከምሰሶው ተሰቀለች። ወተቱም እንቁላሉም በእሷ ሆነ፤ ብርቄም ከጤና ኬላው ለውዝ ለውዝ የሚሸት ምግብ ታመጣለት ነበር። ከፋሲካ ወዲያ ጥብጣቡ ዳግመኛ ሲጠመጠም እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አረንጓዴ! የእቴ ታንጉት እልልታ ፍየሎቹን አስደንብሮ በተናቸው። እናቴም ያንኑ የፈራችውን ቃል ይዛ በየቤቱ ዞረች፤ «የእኔ ልጅ ቀጭጮ ነበር፣ ድኗል፤ የእናንተንም አስለኩ!» በቀጣዩ ሁዳዴ በየቤቱ ምሰሶ ላይ የሕፃን ምንቸት ተሰቅሎ አየን።

እናቴም አባም ዛሬ የሉም። ደሴ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እኔ የልጄን ክንድ በጣቶቼ ሳልለካ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሸራፋዋ ምንቸትም አሁን እኔ ዘንድ ናት።

ብርቄ ግን ወደ ሰሃላ ተዛወረች ከተባለ ወዲህ ወሬዋን አልሰማንም። ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።