ነብር ሲያደባ

በሳምንት ውስጥ ጸጥታ የማገኘው እሑድ ማታ፣ ነብር ሲያደባ ብቻ ነበር። ያችንም በደንብ አልቀመስኳትም።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ክር ማጠንጠኛው ክፍል። ስድስት ቀን ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ይውላል። ከጓደኞቼ ጋር የምንነጋገረው በእጅና በቅንድብ ነው። ከሥራ ወጥቼም ጩኸቱ ተከትሎኝ ይመጣና ትራሴ ውስጥ ይገባል። እሑድ በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አባቴ ቤት ስደርስ፣ ፀጉሬ ላይ ጥጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ ማሽን ይዤ ነው። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም ምንም ሳይለኝ መቀመጥ።

እሑድ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። እኛ ሰፈሩ "ጴንጤ" የሚለን ቤተሰቦች ነበርን። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች ወዲህ ሰዎቻችን በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት፤ እሑድ ማታ የኛ ቤት ተራ ነው። አባቴ በዚሁ ጉዳይ አንዴ ታስሮ፣ ሳል ይዞ ወጥቷል። ሲለቁት፣ ሁለተኛ ከተገኘህ ከዚህ አትወጣም ብለውታል። ያች ቃል በሁላችንም ጆሮ ውስጥ ነበረች፤ ከሱ በቀር።

ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ አጎቴ ያመጣልን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረን፤ በሰፈሩ ብቸኛው። "ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሰው ቢገባ ቢወጣ ማን ይጠይቃል?" አለ። እውነቱን ነው። ጸሎተኞቹ እንደ ተመልካች በፊት በር ይገባሉ፣ ሳሎኑን አልፈው ጓዳ ይዘልቃሉ። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ከጓዳ ድምፅ ከተሰማ ቴሌቪዥኑን ማስጮህ የኔ ፈንታ ነው።

ጎረቤቶቻችን ዜናውንና ዘፈኑን አይተው ይሄዳሉ። ከዚያ የሚመጣው የዱር አራዊት ፊልም ነው። "ጅቡ ደጃችን ድረስ ይመጣ የለም እንዴ፣ አውሬ ለማየት ደግሞ እዚህ እናምሽ?" ይላሉ። እኔ ግን ያን ፊልም፣ በተለይ የድመት ዘሮቹ ሲመጡ፣ ከነፍሴ ነበር የምወደው። አንበሳ፣ ነብር፣ አቦ ሸማኔ። ከጦሳ ተራራ ነፋስ ሲነሳ ሥዕሉ ይንቀጠቀጥና አንዱ ነብር ሁለት ይሆናል፤ ግድ የለኝም። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ይውላሉ፣ ማንም ተነሱ አይላቸውም። እቀናባቸው ነበር። ለአደን ሲነሱ ደግሞ፣ ሆዳቸውን መሬት አስነክተው በሣሩ መሃል ሲሄዱ፣ ተራኪው እንኳ ዝም ይላል። ሙዚቃ የለ፣ መፈክር የለ። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያችን ዝምታ ነበር።

ጣጣው ግን እዚያው ላይ ነው። ተራኪው ዝም ሲል የጓዳው ይሰማል። የኛ ሰዎች ደግሞ በሹክሹክታ መጸለይ አልፈጠረባቸውም። ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ ሲሞቃቸው ሁሉም ባንድ ላይ ድምፃቸውን ያነሳሉ። አባቴ ከሁሉም ይብሳል። በየሳምንቱ "ዛሬ በከንፈሬ ብቻ ነው" ብሎኝ ይገባል፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። እኔም ነብሩ ማድባት ሲጀምር ተነስቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞረዋለሁ። ያኔ ከሣሩ የሚወጣው የቴሌቪዥኑ ሹሹታ ብቻ ይሆናል። ፋብሪካው ተከትሎኝ ሳሎን የገባ ይመስለኛል።

የማይሄድ አንድ ተመልካች ነበር፤ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ። ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ሙስሊም፣ ረጅም፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ጠመንጃውን በሩ ጥግ ያቆምና "አሰላሙ አለይኩም" ይላል፤ ከዚያ ቀበሌው ትዝ ይለዋል መሰል፣ "እንደምን አመሻችሁ" ብሎ ያርማል። አውሬ ይወዳል። በልጅነቱ ነብር የቤታቸውን ፍየሎች ፈጅቷል፤ ግን ቂም አልያዘም። "ወላሂ፣ አካሄዱ ግን ያምራል" ይላል። ታናሽ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው እንደጠፋም አንድ ቀን ነግሮኛል። አትምጣ ማለት አንችልም። አባቴም "ደጅ ቆሞ ጓዳችንን ከሚያዳምጥ፣ ውስጥ ተቀምጦ አውሬውን ይይ" አለ። ለሱ ቀላል ነው፤ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዓይኔ ነብሩ ላይ፣ ጆሮዬ ጓዳ። ያ ድካም ከፋብሪካው ይብስ ነበር።

"ሲያደባ ሲያደባ ለምንድን ነው የምታስጮኺው?" አለኝ አንድ እሑድ። "ሲያደባ እኮ ዝም ነው የሚባለው።"

"ጆሮዬ ነው፤ ፋብሪካው አደነቆረኝ" አልኩት። ግማሹ እውነት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ያን ሳምንት ተጨማሪ ፈረቃ ገብቼ እግሬ አብጦ ነበር። የምትታየው ግልገሎች ያሏት ነብር ናት። ልጆቿ ተርበዋል። አንዲት ሚዳቋ ውሃ ዳር ቆማለች። ነብሯ ሣሩ ውስጥ ተለጠፈች፣ ትንሽ ተሳበች፣ ቆመች። ተራኪው ዝም አለ። መነሳት ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ልቤም አብሮት። አንዴ ብቻ፣ አልኩ።

ያኔ የአባቴ ድምፅ ከጓዳ ጥርት ብሎ መጣ። "በየግንባሩ ያሉትን ልጆች ለእናቶቻቸው ዓይን አብቃቸው።"

"አሚን" አለ ጥበቃው።

ዓይኑ ነብሯ ላይ ነው። አስቦበት አይደለም። ወሎ ውስጥ ዱዓ የሰማ ሰው፣ የማንም ዱዓ ይሁን፣ አሚን ሳይል አያልፍም፤ አፋችን ከልጅነታችን እንዲያ ተሠርቷል። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ሁለታችንም የሰማነው። ወደ እኔ ዞረ። አባቴን ገደልኩት ብዬ አሰብኩ፤ ስለደከመኝ ብቻ ገደልኩት። የሱም ፊት ከኔ የተሻለ አልነበረም። ተደብቆ የሚጸልይ ሰው ሲያገኝ ይዞ እንዲያቀርብ የታዘዘ ጥበቃ፣ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ አብሮ ጸልዮአል። ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እጄን ወደ ድምፁ ቁልፍ ሰደድኩ።

"ተይው" አለኝ። "አብሽሪ። እኔ በሩ ጋ እቀመጣለሁ። የሚመጣ ካለ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።" ወንበሩን ወደ በሩ ሳበና፣ ቴሌቪዥኑ እንዳያመልጠው ጎኑን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ድምፁን ቀነስኩት። ነብሯ አንድ እግሯን አንስታ እንዳንጠለጠለች ቆየች። ከጓዳ ጸሎቱ ይሰማል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀምሯል፣ እኔን ግን ማንም ምንም አላለኝም። ሳምንት ሙሉ ስመኘው የነበረውን አገኘሁትና ምን አደረግሁ? ተኛሁ። እዚያው ወንበር ላይ፣ ነብሯ እግሯን ሳታሳርፍ።

የቀሰቀሰኝ አባቴ ነው። ፊልሙ አልቋል፣ ጸሎተኞቹ ሄደዋል፣ በሩ ጋ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አባቴ ከጸሎት ሲወጣ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበረችው፤ እሱ የሚያዝነው ለሚታደኑት ነው።

"ዛሬስ አመለጠች?"

"አመለጠች" አልኩት። አላየሁም።

ጥበቃው ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት እየመጣ በሩ ጋ ተቀመጠ። ስለዚያች ምሽት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ እሱንም ወደ ሰሜን ግንባር ላኩት፤ ወሬውን አልሰማሁም። በቦታው የተተካው ሰው አውሬ አይወድም፣ ግን ይቀመጣል፤ እኔም ወደ ማስጮሁ ተመለስኩ። አባቴ ያችን የግንባር ልጆች ልመና እስከ መጨረሻው አልተዋትም። እሱ ጓዳ ሆኖ ድምፁን ያነሳል፣ እኔ ሳሎን ሆኜ ቴሌቪዥኑን አስጮሃለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ፣ እንደዚያ ጥበቃ አድርጌ "አሚን" እላለሁ።