ባቢሌ ላይ የተከፈተው ፔርሙስ

ከድሬዳዋ በሚኒባስ የተነሳሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጅግጅጋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የማስተርስ ሥራዬን አሳይቼ እፈተናለሁ። ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ባለቤቴ «የግመል ወተት ሙላበት» ብላ የሰጠችኝን ፔርሙስ አንጠልጥያለሁ። ለመንገድ ሻይ ይዤበታለሁ።

ሥራዬ ኮምፓይለር ነው፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተር ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ። የእኔው ትርፍ ቅጂ ያስቀራል። ዘዴው ውጤቱን ሜሞሪ ላይ አንድ ቦታ ሠርቶ ወደ ሌላ ከመገልበጥ፣ መጨረሻ በሚቀመጥበት ቦታ በቀጥታ መሥራት ነው። ፍጥነቱማ ጉድ ነው! ችግሩ፣ መልሱ ስህተት ነው። የስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ እንዲያዞር ሳዘው የግማሹን ሰው ስም ውጦ የቀሪውን ሁለቴ ይጽፋል። ሦስት ሳምንት ፈልጌ ምክንያቱን አጣሁት። ዛሬ ከወደቅኩ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ፈርቻለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ባቢሌ

ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲወርድ የኦቾሎኒ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እኔ ቢጫ ጄሪካን ደርድራ ወደተቀመጠችው ወተት ሻጭ ወደ ፋዱማ ሄድኩ። ሊትሩ ሠላሳ ብር። መለኪያ ጆጉን ስታነሳ ሙያዬ ተነሳብኝ።

«እህቴ፣ ጆግ ምን ያደርጋል? ፔርሙሱ ልክ ሊትር ይይዛል፤ በቀጥታ ጨምሪው።»

ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ወላል፣ ወንድሜ፣ ሻይ አለበት።»

«ጅግጅጋ ስደርስ እጠጣዋለሁ።»

«ገና በምትጠጣው ላይ ወተት ላፍስ? እኛ ዕቃ ሳናሸት አንቀዳም። ባዶ ከሆነ በቀጥታ፤ ካልሆነ ጆጉ ላይ ይቆያል።»

ያኔ በራልኝ። የእኔ ኮምፓይለር መች ያሸታል! ገና ያልተነበቡ ስሞች ላይ ሌላ ስም ይጽፍባቸው ነበር። ፔርሙሱን ተቀብዬ፣ ወተቱን ትቼ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

«ሻዩን ጠጣው እንጂ!» አለች ከኋላዬ።

ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ኮምፓይለሩ ቦታው ባዶ መሆኑን አስቀድሞ እንዲያይ መጻፍ ጀመርኩ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ የኦቾሎኒ ልጣጫቸውን ቁልፎቹ ላይ ያራግፋሉ።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከራሴ ጋር ነው፣ አባባ።»

ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጨረስኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ጅግጅጋ

ፈታኙ ዝርዝሩን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። የጎደለም የተደገመም የለም።

«ግን ቅጂ ሁሉ ይቀራል ብለህ ነበር። እዚህ አንድ አለ።»

«እሱ ያስፈልጋል። ዕቃው ባዶ አልነበረም።»

«ይህን የት ተማርከው?»

«ባቢሌ።»

ሳቀ። አለፍኩ! ከደስታዬ ብዛት ያገኘሁትን ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ።

በማግስቱ፣ ባቢሌ

ፔርሙሱን ለፋዱማ በኩራት ዘረጋሁላት። «አሁን ገብቶኛል። በቀጥታ ጨምሪው።»

ከፍታ አሸተተች። «ዛሬም ሻይ!»

በአካባቢው ያሉ ሻጮች ሁሉ ሳቁ። ጠዋት ጅግጅጋ ላይ ለመንገድ ያስሞላሁትን ረስቼዋለሁ። እዚያው ቆሜ ጠጣሁ፣ ፔርሙሱን አጠብኩ፣ ወተቱም ገባ።

ቤት ስደርስ፣ ሁሉን በስልክ የነገርኳት ባለቤቴ ፔርሙሱን ተቀብላ ከፈተችና አሸተተች።

«ኮምፒውተሩ ተማረ?»

«እሱስ ተማረ» አልኳት። «እኔ ትንሽ ይቀረኛል።»