ለኤልኩ የመረጥኩት ጥይት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ለምን እንዳልነገርኳቸው እዚያው ስደርስ እነግራችኋለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን ላስቀምጠው፦ በአንዲት ደግ ሴት ሙት ዓመት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው በክት አብልቻለሁ። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ሥጋ። ተሳስቼ አይደለም። እያወቅሁ ነው።

ሲያትል የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ሃይስኩል በጨረስኩ በዓመቱ አክስቴ አግብታ ሌላ ስቴት ሄደች፤ እኔ ሲያትል አጠገብ፣ ቱክዊላ በተከራየችው አፓርትመንት ብቻዬን ቀረሁ። ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሳሽግ እውላለሁ፣ በባስ እመለሳለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ለድምፁ ብዬ እከፍተዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከማንም ጋር ሳላወራ ውዬ ሰኞ ጠዋት ለባስ ሾፌሩ «ሃይ» ስል ድምፄ የሚሻክርበት ጊዜ ነበር።

ከበታቼ ፎቅ ጋሽ ወርቁና እትዬ ብርቄ ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም። እትዬ ብርቄ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታኝ «አንቺ፣ የምትበይው ነገር ሽታ እንኳ ሸቶኝ አያውቅም፤ ነይ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ምሳዬ እዚያ ሆነ። ጋሽ ወርቁ የኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዱት፤ አገር ቤት ግን ቆላ ወርደው የዱር አራዊት ጥበቃ ሠርተዋል። በየመኸሩ ከሲያትል በስተ ምሥራቅ ካለው ተራራ ማዶ ሄደው ኤልክ ያድናሉ። ኤልክ አጋዘን ነው፣ ግን በሬ የሚያክል። እኔ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ ስለማልችል ይዘውኝ ሄዱ፤ የአዳኝነት ኮርሱን አስወሰዱኝ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ አንድ ዓመት በተውሶ ጠመንጃ ሚዳቋ ጣልኩ።

እትዬ ብርቄ በ2008 መኸር ሞተች። ታማ ተኝታ ሳለች «የኤልክ ጥብስ አማረኝ» ብላቸው ነበር። ጋሽ ወርቁ አልጋዋን ትተው ወደ ጫካ መሄድ አልቻሉም፤ አምሮቷን እንደያዘች ሄደች። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጣቸው ቀረ። «በሙት ዓመቷ ሰው የማበላው ኤልክ ነው» አሉ። ግን በዚያው ዓመት የቀኝ ትከሻቸውን ኦፕሬሽን ሆኑ፤ መተኮስ አይችሉም። ሶ የምተኩሰው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ደግሞ ያርዳሉ። ሴት አታርድም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጥይት ልንገዛ ሊንውድ ወዳለ የጠመንጃ ሱቅ ሄድን። እኔ ሚዳቋዋን የጣልኩበትን፣ ቱ ፎርቲ ስሪ የሚሉትን ትንሽ ጠመንጃ እንደገና እንዋስ ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

«ሚዳቋዋን እኮ ጥይትሽ አልገደላትም» አሉኝ ጋሽ ወርቁ፣ «አንቺን አይታ ደንግጣ ነው የሞተችው።»

«ጋሼ፣ አንገቷን ነው የመታኋት!»

«ኤልክ ሚዳቋ አይደለም። ትከሻው ግድግዳ ነው። የእኔን ትልቁን ሰርቲ ኦት ሲክስ ነው የምትይዢው፣ አረሩም መቶ ሰማንያ ግሬይን የሚመዝነው፣ ከባዱና ጠንካራው። አጥንት ሲያገኝ የሚፈረካከሰውን አልፈልግም።»

እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ «ከባዱ እዚያው ቢገድለውስ? ሳንደርስበት በክት አይሆንም?» አልኩ።

ሳቁ። «የወደቀ ይደረስበታል፣ ልጄ። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ይደርሳል። የሚሮጠው በቀላል ጥይት የቆሰለው ነው። ጫካ ገብቶ ብቻውን ሲሞት ነው በክት የሚሆነው።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልነገሩኝም እንዳልል ነግረውኛል።

ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሄድን። ያ ጠመንጃ እንደ በቅሎ ይራገጣል። በሦስተኛው ጥይት ትከሻዬ ተቃጠለ፤ በአምስተኛው ገና ቃታውን ሳልስብ ዓይኔን መጨፈን ጀመርኩ። ጋሽ ወርቁ «ምነው፣ የደነደነው ምላስሽ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ምንም አልተሰማኝም» አልኩ። ቤት ገብቼ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻዬ እንደ በሰለ እንጆሪ ሆኗል። ፈራሁ ብል ምን ይሆን ነበር? ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ ወይም አብረን ቀስ ብለን መላ እንፈልግ ነበር። ግን እኔ ያቺ የማትፈራዋ ልጅ መሆኔን ትቼ ምን ልሆን? በዚያ ቤት ቦታ ያገኘሁት በዚህ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ሊንውድ ተመለስኩ። ለዚያው ጠመንጃ የሚሆን፣ ግን የማይራገጥ ጥይት አለ፤ አረሩ መቶ ሃያ አምስት ግሬይን፣ ባሩዱም የተቀነሰ። ሻጩ ሽማግሌ ነጭ ሰው ነው፤ ፓኬቱን እጁ ላይ ይዞ «ይህ ለሚዳቋ ነው፣ ለኤልክ እንዳትወስጂው» አለኝ። «ደግሞ ማነጣጠሪያውን እንደገና ካላስተካከልሽ የምትመቺበት ቦታ ይለወጣል።» ለልምምድ ነው አልኩት። ቤት ወስጄ ከባዶቹን እኔ ጋ ከተቀመጠው የጋሽ ወርቁ ፓኬት አወጣሁና ቀላሎቹን ተካሁበት። የእሳቸው ዓይን እንደሆነ ያለ መነጽር ቅርብ አያይም። አንድም ሳላመነታ ነው ያደረግሁት። ይህንንም ጻፉልኝ።

ኅዳር ሊገባ ሲል፣ የነቢያት ጾም ሳይያዝ፣ ተራራውን ተሻግረን ሄድን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወንድ ኤልክ ከጥዶቹ መሃል ወጥቶ ገላጣው ላይ ቆመ። ሩቅ ነበር። ጋሽ ወርቁ «ትንሽ ይጠጋ» ብለው በሹክሹክታ እጄን ያዙኝ። አላስቻለኝም፤ ተኮስኩ። ጠመንጃው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ተወኝ፣ ምንም አላመመኝም። ኤልኩ ግን አልወደቀም። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ትከሻውን ሲመታው አየሁ፤ ተንገዳገደ፣ ዞረ፣ በሦስት እግሩ ጫካ ገባ።

«ከባዱ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ግራ ገብቷቸው። «እንዴት ሳይጥለው ቀረ?»

ተነሥቼ ወደ ገላጣው ሄድኩ።

ደሙን እየተከተልን እስከ ቀትር ድረስ ሄድን። አንዳንድ ቦታ የተኛበት አለ፤ ሣሩ ተድጦ መሃሉ ቀይ ነው። ተኝቶ፣ ስንደርስበት ተነሥቶ፣ እንደገና ሮጦ። ይህን ሁሉ ሰዓት የተሠቃየው ለእኔ ትከሻ ነው። ጋሽ ወርቁ ደከሙ፤ «አንቺ ቅደሚ፣ ስትደርሺበት ጥሪኝ» አሉኝ።

ቀደምኩ። ከአንድ የወደቀ ግንድ ሥር አገኘሁት። ጋሽ ወርቁ አስተምረውኛል፦ የዓይኑን ብሌን በሣር ንኪው፣ ካልተርገበገበ ሞቷል። ነካሁት። አልተርገበገበም። እንደገና ነካሁት። ሰውነቱ ገና ይሞቃል፣ ዓይኑ ግን የመስታወት ዓይን ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስነካው ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ሰናይት! ደረስሽበት?»

«ደርሻለሁ!»

«ይተነፍሳል?»

እዚህ ላይ ቆዩልኝ። አንድ ቃል ነው የተጠየቅሁት። አይ፣ ሞቷል ብል ጥይቱን ይጠይቁኛል፤ ጥይቱን ካሳየሁ ሁሉም ያልቃል። የእትዬ ብርቄ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ ብዬ ላሳምራችሁ እችላለሁ። እውነቱ ግን እሷ ትዝም አላለችኝ። እንዳይቆጡኝ ብቻ ነው ያሰብኩት።

«ይተነፍሳል! ፍጠኑ!» አልኩ።

እያለከለኩ መጡ። «ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሪልኝ» አሉ። ቀንዱን ይዤ አዞርኩት፤ ሳዞረው አንገቱ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም አብሬ ነቅነቅ አደረግሁት። በሰውነቴ ዓይኑን ከለልኩት። ቀኝ እጃቸው ስለማይሠራ ቢላዋውን በግራቸው ያዙ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሉ። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ስም ለብቻው። በሞተ ነገር ላይ። እኔ ነኝ ያስባልኳቸው።

ደሙ ትንሽ ወጣ፣ ጠቆር ያለ። ቀና ብለው አዩኝ። «ደሙ...»

«መንገዱን ሙሉ ሲያፈስ አይደል የመጣው? አይተውት የለ!» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። ቢላዋውን በሣር ጠረጉና ተቀመጡ። ከዚያ እኔን ረስተው «ብርቄ፣ ይኸው አመጣሁልሽ» ብለው አለቀሱ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ካህኑ ማዕዱን ባረኩ፣ ወጡን በሉ፣ «የምን ሥጋ ነው፣ እንዲህ የሚጥም?» አሉ። እኒህ ካህን የእኔም ንስሐ አባት ናቸው። አሁን ገባችሁ? በክት ያበላኋቸውን ሰው አባቴ ይፍቱኝ የምለው በየትኛው አፌ ነው? እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ጥግ ይዤ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሰሐን ይዘው መጡና «የእጅሽን ሳትቀምሺ!» ብለው ጉርሻ ጠቀለሉ። ሰው ሁሉ እያየ ነው። አፌን ከፈትኩ። ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ከእሁድ ምሳው ቀስ በቀስ ቀረሁ። መጀመሪያ ኦቨርታይም አለብኝ አልኩ፤ ቀጥሎ ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ሬስቶራንት ሥራ ያዝኩና ቤት ቀየርኩ። ቅዳሴ ስሄድ ከኋላ ቆሜ ቁርባን ሳይጀመር እወጣለሁ። ጋሽ ወርቁ በየመኸሩ ኮል ያደርጋሉ፦ «ዘንድሮስ፣ ወሬኛዋ?» ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር ይላል፤ በቀን ሙሉ ስሜን የጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ የሚሆኑበት ቀን አለ።

ባለፈው ወር ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ከእንግዲህ ተራራ የምወጣ አይደለሁም። ጠመንጃዋን ላንቺ ትቼልሻለሁ። ብርቄን ከአምሮቷ ያሳረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ አልኩ።

አውቃለሁ ምን እንደምትሉኝ። ሽማግሌው በሰላም ይኑሩ፣ አሁን ብትነግሪያቸው ሐዘናቸውን መቀስቀስ ነው። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ይህን ብያለሁ። ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ለእሳቸው ብዬ አይደለም። በዚህ ከተማ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ያቺን ቃል እንዳላጣት ብዬ ነው። ቃሏ ደግሞ የእኔ አይደለችም፤ ሰርቄያት ነው።

በዚያ አዳራሽ ከበላችሁት መሃል ይህን የሚያነብ ካለ፣ አልታረደም። ሞቶ ነው የደረስኩበት። ካህኑንም እናንተንም ይቅርታ እለምናለሁ፤ ባትሰጡኝም አልቀየማችሁም። ጋሽ ወርቁን ግን በወረቀት ይቅርታ አልጠይቃቸውም። እሳቸውን በራቸውን አንኳኩቼ፣ ፊታቸውን እያየሁ ነው መጠየቅ ያለብኝ። ሦስት ጊዜ ቱክዊላ ድረስ ሄጄ፣ ባሱ ፌርማታቸው ላይ ሲቆም ሳልወርድ ቀርቻለሁ።

ይህን መጻፌ ደግሞ ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው።