አባ ሙሄ የበሉበት ትሪ

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን ማለት ነው፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት ስጀምር ልጄ ራሕማ እጄን ይዛ እዚሁ ኮምቦልቻ ከሰፈራችን በታች ወደተከፈተ የአረጋውያን መዋያ ወሰደችኝ። «ግድግዳ ስታዪ አትዋዪ» ብላ ነው። አልተሳሳተችም፤ ባሌ ይመር ከሞተ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነበር። መዋያው ንጹሕ ነው። የደም ግፊት ይለካሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ወገብ የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ያሠራሉ። ምሳ ሲደርስ አንዲት ቀጭን ልጅ አጠገቤ ጎንበስ አለችና «እማማ፣ ከማን ጋር ላስቀምጥዎ?» አለችኝ።

ደግ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ውሃ ብቻ ጠጥቼ ተመለስኩ። ራሕማ ምን ሆንሽ ብትለኝ ደክሞኝ ነው አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን እየጻፍኩ ነው፤ ትንሽ እጽፍና ሲደክመኝ እተወዋለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ።

እኔም በዚያች ልጅ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ እጠይቅ ነበር። ደሴ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ላይ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር የአረጋውያን መዋያ ከፍቶ ነበር። ሥራዬ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ማዋል ነው። ጠዋት ሻይ እሰጣለሁ፣ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፣ ለሴቶቹ ጥጥ አካፍላለሁ፣ የታመመ ካለ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። ምሳ ለአራት ለአራት ሰው በአንድ ትሪ ይቀርባል። የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የእስላሙ ለብቻ፤ ምስር ወይም ሽሮ የሆነ ቀን ግን ሁሉም እንደወደደ ይቀላቀላል። ደሴ ክረምቷ ክፉ ነው። ከጦሳ ተራራ ላይ የሚወርደው ጉም በመስኮት ይገባና ፊት ለፊትህ የተቀመጠውን ሰው ይሸፍነዋል። በዚያ ብርድ አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ የሚሞቃቸው ከወጡ ይልቅ የእርስ በርሳቸው ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር።

መራመድ የማይችሉትን በአሮጌ መኪና ከየቤታቸው የሚያመጣቸው ይመር ነበር። ያኔ ገና ባሌ አልሆነም። ቀልደኛ ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያወርድ «ቀስ ይበሉ፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው!» ይላል። በእድሜም በነገርም ሁሉንም የሚበልጡት እማ ሰዓዳ ከመኪናው ሳይወርዱ ይመልሱለታል።

«ተሰባሪውስ አንተ ነህ። ይችን ልጅ ባየህ ቁጥር ጉልበትህ ሲከዳህ አላየሁም መሰለህ?»

«ኧረ እማ ሰዓዳ፣ ብርዱ ነው!»

«ብርዱ እኔን ለምን አያንቀጠቅጠኝም ታዲያ?»

እኔ ሻይ ለመቅዳት የተቸኮልኩ መስዬ እገባለሁ።

ከሁሉም የምወዳቸው አባ ሙሄ ነበሩ። የኩታበር ገበሬ ናቸው፤ በስተርጅና ዓይናቸው ሲጠፋ ልጃቸው ሁሴን ደሴ አምጥቶ ከቤቱ አስቀመጣቸው። ሁሴን ሰኞ ገበያ አጠገብ ሥጋ ቤት ውስጥ ይሠራል። ዝም ያለ፣ አባቱን የሚፈራ ጎልማሳ ነው። አባ ሙሄ ጫፉ ብረት የሆነ ዱላቸውን ከእጃቸው አይለዩም፤ ሲቀመጡ በጭናቸው መካከል ያቆሙታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ሴት አጎቷን አመጣችልን። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነው። «ስሙ እንድሪስ ነው፤ አይናገርም» አለችን። ከየት ነው ብንላት «ከገጠር» አለች። እንድሪስ የሚባል በወሎ ሞልቶ የለ፣ ማንም ልብ አላለም። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ቤቱን ሁሉ ተመለከተና ማንም ሳያስቀምጠው ሄዶ ከአባ ሙሄ ጎን ተቀመጠ። ምሳ ሲቀርብ እንጀራውን ይቆርስና በአባ ሙሄ እጅ ላይ ያደርግላቸዋል። ሥጋ የሆነ ቀን አጥንቱን ለይቶ ያጎርሳቸዋል። እኛ ደስ አለን። ዲዳው ለዓይነ ስውሩ ዓይን ሆነው አልን። አባ ሙሄም «ይህ ዝምተኛ እጁ የእናት እጅ ነው፤ አላህ ይስጠው» ብለው ይመርቁታል። በተመረቀ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሙሉውን እንዲህ አለፈ።

መስከረም ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ገና መጥራቱ ነበር። ምሳ ተጀምሯል። ወጥ ሠሪያችን የፈላ የገብስ ሾርባ በትልቅ ድስት ይዛ ከማድ ቤት ብቅ ስትል አባ ሙሄ እጃቸውን ለመታጠብ ተነሥተው ወደ እርሷ ይሄዳሉ። ድስቱ ፊቷን ጋርዶታል፤ አላየቻቸውም። እኔም ከሩቅ አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም። ያን ጊዜ ዲዳው ጮኸ።

«ሙሄ! ቁም! ሙሄ!»

አባ ሙሄ ቆሙ። ሾርባው ሳይነካቸው አለፈ። ሰው ሁሉ «ተናገረ! አልሐምዱሊላህ፣ ዲዳው ተናገረ!» ብሎ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አባ ሙሄ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀስ ብለው ዞሩ። ዱላቸውን መሬቱን ሳይነካ ያዙት።

«እንድሪስ ነህ?» አሉ።

ወደ ድምፁ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«የኩታበሩ እንድሪስ ነህ? ወንድሜን የገደልከው?»

ሰውየው «ነኝ» አለ።

በኋላ እንደሰማነው ነገሩ የጀመረው በመስኖ ውሃ ተራ ነው። እንድሪስ የአባ ሙሄን ታናሽ ወንድም በዶማ ሲመታው አባ ሙሄ ከሩቅ አይተው እየሮጡ ይመጡ ነበር። እንድሪስም ዶማውን እንደያዘ «ሙሄ! ቁም! ሙሄ!» ብሎ ጮኾባቸዋል፤ ቢደርሱ እሳቸውንም እንዳይገድል ፈርቶ። ተያዘ፣ ዘመኑን በእስር ጨረሰ። ሲፈታ አበጋሮች፣ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ሊያስታርቁ ቢለምኗቸው አባ ሙሄ እንቢ ብለው «ከእንድሪስ ጋር በአንድ ገበታ የተገናኘች እጄ ትቆረጥ» ሲሉ ምለዋል። በእኛ አገር ከደመኛህ ጋር ከበላህ ደሙ አበቃ፤ አብረኸው የበላኸውን ሰው መግደል ከውርደት ሁሉ የባሰ ውርደት ነው። እሳቸው ክረምቱን ሙሉ ከእጁ ጎርሰዋል።

የዱላቸው የመጀመሪያ ምት እንድሪስ ትከሻ ላይ አረፈ። እንጨት በአጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ግንባሩን ከፈተው። ዓይነ ስውር አይመታም ያለ ማን ነው? ሰውየው የሚያቃስትበትን እየሰሙ ወደዚያው ነው የሚመቱት። ብረቱ ጆሮውን ቀዶ አንጠለጠለው። ትሪው ተገለበጠ፣ ደሙ ከወጡ ጋር ተደባለቀ። እንድሪስ እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሣም። «ምታ፣ ሙሄ፣ ምታ» ይላል ብቻ።

ይመር ከውጭ ገብቶ አባ ሙሄን ከኋላ አቀፋቸው። ሲወራጩ ከንፈሩን በክርናቸው ሰነጠቁት፣ ግን አልለቀቀም። እኔ እንድሪስን ጎትቼ ወደ ዕቃ ቤት አስገባሁትና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ግንባሩን አሰርኩት። ኃላፊያችን ፖሊስ ልትጠራ ሮጠች። ወሬ ግን ከፖሊስ ይቀድማል፤ ሰኞ ገበያ ደግሞ ቅርብ ነው።

ሁሴን የመጣው ከነሽርጡ ነው፣ ከነቢላዋው።

«የት አለ? የት ደበቃችሁት?»

ይመር የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ሁሴን፣ አብሽር፣ ረጋ በል ወንድሜ። ሽማግሌ ነው፣ ደሙ እየፈሰሰ ነው።»

«ዞር በል!»

«አልዞርም።»

ከጎድን አጥንቱ በታች ወጋው። ሲወጋው አላየሁም፤ የሸሚዙ ቀለም ሲለወጥ ነው ያየሁት። ይመር የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ደክሞት ዕረፍት እንዳማረው ሰው። ሁሴን ሊያልፍ ሲል ይመር እግሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሁሴን ፊቱን በጫማው መታው፣ ደገመው፣ አስለቀቀው። ከዚያ እኔ ላይ ደረሰ። ጸጉሬን ይዞ አንገቴን ወደ ኋላ ቀለበሰና ቢላዋውን ጭኔ ላይ ባለው ጉሮሮ ላይ አደረገ። የይመር ደም ከስለቱ ላይ በእንድሪስ አንገት ይወርድ ነበር።

እማ ሰዓዳ ከበሩ ላይ ጮኹ። «ሁሴን! አባትህ ከሱ ጋር በልቷል! ሁላችን አይተናል! ከአንድ ትሪ በልቷል!»

«ውሸት!»

«አባትህን ጠይቀው እንግዲህ!»

አባ ሙሄ ግድግዳ እየዳበሱ በሩ ላይ ደርሰዋል። ሁሴን ቢላዋውን ሳያነሣ «አባዬ፣ ውሸት ነው በል» አለ። «አልበላሁም በልና ልጨርሰው።»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው። አልበላሁም ቢሉ ማንም ወደ ኩታበር ሄዶ አይመሰክርባቸውም ነበር። በልቻለሁ ካሉ መሐላቸው ፈረሰ፣ የወንድማቸው ደም ባክኖ ቀረ። ይመር ደፉ ላይ ሲያቃስት ይሰማል። እኔ የእንድሪስ የደም ሥር ሲመታ በጭኔ ይሰማኛል።

«በልቻለሁ» አሉ።

«ሳታውቅ ነው! ዓይን የለህም፣ አታለለህ!»

«ሆድ ዓይን የለውም ልጄ። በልቻለሁ። አንሣ ቢላዋህን።»

ሁሴን አነሣው። ወደ አባቱ ሄደና በቢላዋው እጀታ አፋቸውን መታቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥርሳቸው ሲሰበር ግን ሁላችንም ሰማን። «አንተ አባቴ አይደለህም» አለና ወጣ። ፖሊሶች በሩ ላይ ያዙት።

ይመር ተረፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አጥሚት እየያዝኩ ስመላለስ «ይቺን አጥሚት ለማግኘት መወጋት ነበረብኝ?» ይለኝ ነበር፤ ሲስቅ ስፌቱ እያመመው። በዚያው ዓመት ተጋባን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። እንድሪስ ወደ መዋያው አልተመለሰም፤ በእህቱ ልጅ ቤት እንደሞተ ሰማን። አባ ሙሄ ግን መጡ። ለብቻቸው በሳህን ይበሉ ጀመር። አንድ ቀን ሳህናቸውን ሳነሣ ደፍሬ «አባ ሙሄ፣ ይቅር አሉት ማለት ነው?» አልኳቸው።

«በላሁ አልኩ እንጂ ይቅር አልኩ መቼ አልኩ?» አሉኝ። «የበላሁት እውነት ነው። ይቅርታው ደግሞ የለኝም። የሌለኝን ከየት አምጥቼ ልስጥ?»

ወጣት ነበርኩ፤ ክፉ ሰው መሰሉኝ።

ይመር ስለዚያ ቀን ማውራት አይወድም ነበር። ሁሴን ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ይመር «እኔ መንገድ ዘግቼ ነው የተወጋሁት፣ ቂም የለኝም» ብሎ አሰናበታቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በክረምት ጎኑ ሲጠዘጥዘው ጨርቅ እያሞቅኩ ያስያዝኩለት እኔ ነኝ። ሲሞትም ገላውን ሲያጥቡት ቆሜ ያን ጠባሳ አይቻለሁ። ሥጋው ሁሉ ሲከሳ እሱ ብቻ እንደነበረ ቀርቷል።

ባለፈው ጁምዓ የይመርን የዓመት ሰደቃ አወጣን። ዱዓው አልቆ ምግብ ሲታደል ራሕማ አንድ ሽበታም እንግዳ ከወንዶቹ ጋር ከአንድ ትሪ አስቀመጠች። ሌሎቹ ሲቆርሱ እሱ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ቀና ሲል አወቅሁት። ሁሴን ነው፤ አርጅቷል፣ አባቱን መስሏል።

«ሀዋ» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከፈቀድሽ ልብላ። ካልፈቀድሽ ዱዓዬን አድርሻለሁ፣ እሄዳለሁ።»

ልጆቼ ማን እንደሆነ አያውቁም። እኔ ደፉ ላይ የተቀመጠውን ይመርን አየሁ፣ ፊቱን የመታውን ጫማ አየሁ። ይቅርታ ፈለግሁ፤ እውነቴን ነው፣ ውስጤ ገብቼ ፈለግሁ። አጣሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከዚህ ሁሉ ጸሎት በኋላ፣ የለም። ባዶ እጄን ቆሜ ነው አባ ሙሄ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ የገባኝ። ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ነገ እኔ ስሞት ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተው ሊበቀሉ ይችላሉ።

«ብላ» አልኩት።

ቆረሰ፣ ጎረሰ። ልጆቼ ሁሉ እስኪያዩት ጠበቅሁ። ከዚያ ራሕማን ወጥ ጨምሪለት አልኳትና ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።