የሀዲስ የበር ጎማ

ባሌ ሀዲስ ከፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ ለአሮጌ ላንድሮቨሩ የበር ጎማ መፈለግ። የድሮው ጎማ ተቆራርጦ አልቋል። መሸንቲ ገበያ በሄድን ቁጥር የበሩን ክፍተት በነጠላዬ የምወትፍ እኔ ነኝ፤ ነጠላዬም እኔም አፈር መስለን እንመለሳለን።

ሹም አቦ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የምትሸጠው ሰዓዲያ የጎማውን ቁራጭ አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ ሀዲስ፣ ይኸን መሥራት ያቆሙት እኔ ሳልወለድ ነው» አለችው።

እሱ ግን እልኸኛ ነው። ከጎሚስታ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ለምኖ አመጣ። በኔ የልብስ መቀስ፣ አዎ በኔ መቀስ፣ በቀጭን በቀጭኑ ቆረጠና እንደ ቱቦ እየጠቀለለ በማስቲሽ አጣበቀው። ቤታችን ሳምንት ሙሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ሲሸት ሰነበተ።

ሲጨርስ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አቧራ የለ፣ ንፋስ የለ። ሀዲስ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። እኔም ነጠላዬን አጥቤ ለበስሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

ቅዳሜ ከመሸንቲ ስንመለስ የሐምሌ ዝናብ ያዘን። የመኪናው ጣሪያ ድሮም ያፈስሳል፤ ግን ውሃው በበሩ ሥር ይወጣ ስለነበር ነገሬ ብለነው አናውቅም። አሁን መውጫ አጣ። ባሕር ዳር ስንገባ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ፣ የገዛሁት ሽንኩርት እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል።

ልጮህበት ዞር ስል የሀዲስ ፊት በርቷል።

«አየሽ?» አለኝ። «ጠብታ አያሳልፍም!»