ሴቬሪን ያዘለው ጆንያ

ሴቬሪን አርባ ዓመት ሙሉ ከተራራው ሆድ የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ኖረ። እኔ ደግሞ ደጅ ቆሜ ድንጋዩን ከከሰሉ እለቅም ነበር። ጣቶቼን ባያችሁልኝ! በግሪንላንድ ምድር እንደኛ ደሴት በረዶው የሚጠቁርበት አገር ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ ከሰሉ አያዋጣም ተባለ፤ መንደሩ ይዘጋል፣ ሁላችሁም ወደ ደቡብ ትሄዳላችሁ አሉን። ደክሞን ስለነበር ብዙም አልተጨቃጨቅንም።

ሴቬሪን ብቻ አሻፈረኝ አለ። ሚስቱ ቢቢያነ፣ የእኔ ታላቅ እህት፣ ከከሰሉ ጉድጓድ በላይ ካለው ዳገት ላይ ከተቀበረች አምስት ዓመቷ ነው። «እሷን ለማን ጥዬ?» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

እሷ በሞተች በወሩ የልጅ ልጃቸው ተወለደችና እንደ ደንባችን ስሟን ለሕፃኗ ሰጠናት። እኛ ዘንድ ስሙ ሲመጣ ሰውየውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሴቬሪን ያቺን ንፍጣም «ባለቤቴ» ይላታል፤ እኔም ገና ጥርስ ሳታበቅል ጀምሬ «እቴቴ» እላታለሁ። እሷም ብትሆን ማዘዝ ታውቅበታለች።

የመጨረሻዋ መርከብ ሁለቴ ጮኸች። ሴቬሪን መቃብሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልጁ ላውሪና ለመነችው፣ አለቀሰች፤ ዞር ብሎም አላያት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አንተ ሽማግሌ! የትኛዋን ቢቢያነ ነው የምትጠብቀው? ይቺን በብርድ የምትንቀጠቀጠውን ነው ወይስ ድንጋዩን?»

«ተይኝ እስቲ፤ ደክሞኛል።»

«ማን ያልደከመው አለ?» አልኩት።

እቴቴ እጄን ለቃ ሄዳ ፊቱ ተገተረች። «ሴቬሪን፣ እግሬን በረደኝ። ተነስ በቃ!»

ወይ ጉድ! እህቴ ምድጃው በጠፋ ቁጥር እንዲህ ብላ ነበር የምትቀሰቅሰው። ማንም አላስተማራትም።

«እሺ፣ ባለቤቴ» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። በቀጥታ ወደ መርከቧ ግን አልወረደም። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ሞልቶ አዘለ። ኧረ ተው፣ ወገብህ ብንለው ማን ሰምቶን!

ደቡብ የሰጡን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድጃ የሚባል ነገር የለም፤ ሙቀቱ በግድግዳው ቧንቧ ይመጣል። ሴቬሪን ጆንያውን እንዳዘለ ክፍሎቹን ሁለቴ ዞራቸው።

«የት ላንድድልሽ?» አላት።

እቴቴ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ቆማለች። «አሁን እኮ አይበርደኝም» አለችው።

ያኔ ጆንያውን አወረደ። መቃብሩ ላይ እንባ ያልወጣው ሰውዬ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።